የልብ ጡንቻን በ17 ክፋዮች መድቦ የመመርመር ሥርዓትና ለሕክምና ውሳኔ ያለው ፋይዳ

የልብና የደም ሥር ሕመሞች በዓለም ላይ ለብዙ ሰዎች ሕልፈት ምክንያት በመሆን ግንባር ቀደሙን ስፍራ ይይዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ በ2019 ብቻ 17 ነጥብ 9 ሚሊዮን የሚገመቱ ሰዎች በእነዚሁ ሕመሞች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ይህም በዓመቱ በመላው ዓለም ከደረሰው ሞት 32 በመቶውን የሚሸፍን ሲሆን፣ ከሟቾቹ መካከል ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ ሀገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ሕመሙን ለመለየት የሚያስችሉ የምስል መሣሪያዎች ባለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት በፍጥነት ተስፋፍተዋል። አልትራሳውንድ፣ የኒውክሌር ምርመራ፣ ኤም.አር.አይ እና ሲቲ ስካን የልብን ውስጣዊ ሁኔታ ደረት ሳይከፈት ያሳያሉ። ይሁንና ጥሩ ምስል ማግኘት ብቻውን በቂ አይደለም። በምስሉ ላይ የታየው ጉዳት የት ቦታ እንደሚገኝ፣ ምን ያህል እንደሚሰፋና ከየትኛው የደም ቧንቧ ጋር እንደሚገናኝ ሁሉም ባለሙያ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚረዳው አጠራር ያስፈልጋል።

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ታካሚ በአንድ ሆስፒታል የልብ አልትራሳውንድ ተነስቶ ሪፖርቱ የልቡ የኋላ ግድግዳ እንቅስቃሴ መድከሙን ቢገልጽ፣ በሌላ ሆስፒታል የተደረገለት የኒውክሌር ምርመራ ደግሞ በታችኛው ጎን የደም እጥረት መኖሩን ቢያመለክት፣ ሁለቱ ሪፖርቶች የሚናገሩት ስለ አንድ ቦታ ነው ወይስ ስለ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች? ጥያቄው የቃላት ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ሐኪሙ የትኛውን የደም ቧንቧ መክፈት እንደሚገባው የሚወስነው ግን በዚሁ ጥያቄ መልስ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ይህን ችግር ለመፍታት በሥራ ላይ የዋለው መፍትሔ የልብን ጡንቻ ቁጥርና ስም በተሰጣቸው ክፋዮች መመደብ ነው። በአሁኑ ወቅት በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ምደባ 17 ክፋዮች ያሉት ሲሆን፣ የአሜሪካ የልብ ማኅበር ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ በ2002 ያወጣው ነው።

የሚከፋፈለው ምንድን ነው?

የሰው ልብ አራት ክፍሎች አሉት። ሁለቱ የላይኛ ክፍሎች ደም ተቀባይ ሲሆኑ፣ ሁለቱ የታችኛ ክፍሎች ደግሞ ደም ገፊ ናቸው። ከአራቱ መካከል ከባዱን ሥራ የሚያከናውነው የግራው የታችኛው ክፍል ነው። ከሳንባ ኦክስጅን ይዞ የተመለሰውን ደም ወደ መላ አካል የሚገፋው እርሱ በመሆኑ፣ የጡንቻ ግድግዳው ከቀኙ አቻው በእጅጉ የወፈረ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ጤናማ አዋቂ ሰው ልብ በየደቂቃው ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ ደም ይረጫል። ባለ 17 ክፋዩ ምደባ የሚመለከተውም ይህንኑ የግራውን የታችኛ ክፍል ብቻ ነው።

የዚህ ክፍል ቅርጽ ጫፉ ወደ ታችና ወደ ግራ ካዘነበለ ሾጣጣ ነገር ጋር ይመሳሰላል። እዚህ ላይ ከዕለት ተዕለት አነጋገር የሚለይ አንድ ነገር አለ። በተለምዶ መሠረት ሲባል የታችኛው አካል ይታሰባል። በልብ ሕክምና ግን መሠረት የሚባለው ቫልቮቹ የሚገኙበት ሰፊው የላይኛው ወገን ሲሆን፣ የታችኛው ሹል ወገን ጫፍ ይባላል።

ልብ ራሱን የሚመግበው በውስጡ በሚያልፈው ደም ሳይሆን ከውጭ በሚያቅፉት የደም ቅዳ ቧንቧዎች አማካይነት ነው። ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው በልብ ፊት በኩል ወደ ጫፍ የሚወርደው የግራ ወራጅ ቧንቧ ነው። ሁለተኛው የግራውን ጎን የሚዞረው የግራ ዟሪ ቧንቧ ሲሆን፣ ሦስተኛው የቀኝ ቧንቧ ይባላል። አንድ የመስኖ ቦይ ሲዘጋ የሚደርቀው በዚያው ቦይ የሚጠጣው ማሳ እንደሆነ ሁሉ፣ ከሦስቱ አንዱ ሲጠብ ወይም ሲደፈን የሚጎዳው በእርሱ የሚመገበው የጡንቻ ክፍል ነው። ስለሆነም የተጎዳውን ቦታ በትክክል መለየት የተዘጋውን ቧንቧ ለመጠቆም ያስችላል።

ከስምምነቱ በፊት የነበረው ሁኔታ

የልብ ምስል መሣሪያዎች የተፈጠሩትና ያደጉት በተለያዩ የሙያ ዘርፎች ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ ዘርፍ ለራሱ ሥራ የተመቸውን አከፋፈል ይዞ ቆይቷል። የአሜሪካ የኢኮካርዲዮግራፊ ማኅበር እ.ኤ.አ በ1989 ባወጣው ምክረ ሐሳብ የግራውን የታችኛ ክፍል በ16 ክፋዮች መድቦ ነበር። የኒውክሌር ምርመራ ባለሙያዎች ደግሞ 20 ክፋዮች ባሉት ምደባ ይጠቀሙ ነበር። የአጠራር ልዩነትም ነበር። አንዳንዶች የኋላ ግድግዳ የሚሉትን ሌሎች የታች ጎን ግድግዳ ይሉት ነበር።

አከፋፈሎቹ ለየራሳቸው ሲታዩ ስህተት አልነበሩም። ችግሩ ይከሰት የነበረው የአንዱን ውጤት ከሌላው ጋር ማነጻጸር ሲያስፈልግ ነው። በሁለት አጎራባች ወረዳዎች መካከል ያለው ወሰን በሁለት መሥሪያ ቤቶች ካርታ ላይ በተለያየ ቦታ ቢሰመር፣ የሁለቱን መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ቁጥር ወይም የምርት መረጃ ደምሮ ለዕቅድ መጠቀም አይቻልም። በልብ ምርመራም የደረሰው ተመሳሳይ ነገር ነው። ከ16 ክፋዮች 4 ተጎድተዋል የሚል ሪፖርትና ከ20 ክፋዮች 4 ተጎድተዋል የሚል ሪፖርት ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም የሚገልጹት የጉዳት መጠን አንድ አይደለም።

ለምን 17 ሆነ?

የአሜሪካ የልብ ማኅበር ይህን ልዩነት ለማስቀረት ከአልትራሳውንድ፣ ከኒውክሌር ምርመራ፣ ከኤም.አር.አይ፣ ከሲቲ ስካንና ከካቴተር ሕክምና ዘርፎች የተውጣጡ ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አሰባሰበ። በማኑኤል ሰርኬራ ይመራ የነበረው ይኸው ቡድን የደረሰበት ስምምነት እ.ኤ.አ በጥር ወር 2002 ሰርኩሌሽን በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሞ ወጣ።

ቡድኑ በመነሻነት ከተጠቀመባቸው መረጃዎች አንዱ የልብ ሕመም ያልነበረባቸው የ102 አዋቂ ሰዎች ልብ ከሞት በኋላ ተመርምሮ የተገኘ የክብደት ልኬት ነው። በልኬቱ መሠረት ከግራው የታችኛ ክፍል ጡንቻ ውስጥ 42 በመቶ የሚሆነው በመሠረቱ፣ 36 በመቶው በመካከለኛው፣ 21 በመቶው ደግሞ በጫፉ ሲሶ ውስጥ ይገኛል። ጥሩ አከፋፈል ከዚህ ተፈጥሯዊ ድርሻ ብዙ መራቅ እንደሌለበት ግልጽ ነው።

ባለ 20 ክፋዩ ምደባ ለመሠረቱና ለመካከለኛው እያንዳንዳቸው 30 በመቶ፣ ለጫፉ ደግሞ 40 በመቶ ድርሻ ይሰጥ ነበር። ይህም ትንሽ ጡንቻ ያለውን ጫፍ ከሚገባው በላይ የሚያጎላ በመሆኑ፣ በዚያ አካባቢ የሚታይ ጉዳት ከእውነተኛ መጠኑ በላይ ገዝፎ እንዲቆጠር የሚያደርግ ነበር። ባለ 16 ክፋዩ በአንጻሩ 37 ነጥብ 5፣ 37 ነጥብ 5 እና 25 በመቶ በመሆኑ ከተፈጥሮው ጋር ይቀራረባል። ይሁን እንጂ የልብን የመጨረሻ ጫፍ ለብቻው አይመለከትም። ባለ 17 ክፋዩ የሚሰጠው ድርሻ በግምት 35፣ 35 እና 30 በመቶ ነው። ከልኬቱ ጋር ሙሉ በሙሉ ባይገጥምም፣ የልብን ጫፍ ሳይተው ለሁሉም መሣሪያዎች የሚያገለግል ሚዛናዊ አማራጭ ሆኖ ተመረጠ።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው አንድ ቁም ነገር አለ። በልብ ላይ የተሰመረ ተፈጥሯዊ የክፋይ ወሰን የለም። ልብን የከፈተ ሐኪም 17 ክፋዮችን አያገኝም። ወሰኖቹ በልኬት የተደገፈ የባለሙያዎች ስምምነት ውጤት ናቸው። ጥቅማቸውም የሚመነጨው ሁሉም በእነርሱ በመገዛቱ ነው።

ክፋዮቹ የሚለዩበት ሥርዓት

አከፋፈሉ የሚጀምረው ከልብ መሠረት እስከ ጫፍ የሚዘልቀውን ረጅም መስመር በመለየት ነው። ከዚያም የግራው የታችኛ ክፍል ለዚህ መስመር ቀጥ ባለ ማዕዘን፣ ዳቦ እንደሚቆረስ በአግድም ይቆረጣል። ከዚህ የሚገኙት የቀለበት ቅርጽ ያላቸው ቁራጮች በሦስት ደረጃ ይመደባሉ። ከሚትራል ቫልቭ አንስቶ ፓፒላሪ ተብለው እስከሚጠሩት የጡንቻ ጉብታዎች ራስ ድረስ ያለው የመሠረት ደረጃ ይባላል። ጉብታዎቹ የሚታዩበት ቁመት መካከለኛው ደረጃ ሲሆን፣ ከእነርሱ በታች የደም ጉድጓዱ እስከሚያበቃበት ያለው የጫፍ ደረጃ ነው። ከጉድጓዱ ማብቂያ በታች የሚቀረው ድፍን ጡንቻ ለብቻው አንድ ክፋይ ሆኖ 17ኛውን ቁጥር ይይዛል።

የመሠረቱና የመካከለኛው ቀለበቶች እያንዳንዳቸው 60 ዲግሪ ስፋት ባላቸው 6 ክፋዮች ይከፈላሉ። የጫፉ ቀለበት ግን እየጠበበ ስለሚሄድ 90 ዲግሪ ስፋት ባላቸው 4 ክፋዮች ብቻ ይመደባል። በመሆኑም 6፣ 6፣ 4 እና 1 ሲደመሩ 17 ይሆናሉ።

ቀለበቱ ክብ በመሆኑ ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር የሚያሳይ ቋሚ ምልክት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው የቀኙ የታችኛ ክፍል ግድግዳ ከግራው ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት ነጥቦች ናቸው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው የግራውንና የቀኙን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ነው። የፊተኛው ነጥብ የፊት ግድግዳን ከመለያ ግድግዳው ሲለይ፣ የታችኛው ነጥብ ደግሞ መለያ ግድግዳውን ከታች ግድግዳ ይለያል።

በዚህ መሠረት በመሠረቱ ደረጃ 1ኛው ክፋይ የፊት፣ 2ኛው የፊት መለያ፣ 3ኛው የታች መለያ፣ 4ኛው የታች፣ 5ኛው የታች ጎን፣ 6ኛው የፊት ጎን ይባላል። በመካከለኛው ደረጃ ከ7 እስከ 12 ያሉት ክፋዮች በዚሁ ቅደም ተከተል ይጠራሉ። በጫፉ ደረጃ 13ኛው የፊት፣ 14ኛው የመለያ ግድግዳ፣ 15ኛው የታች፣ 16ኛው የጎን ነው። 17ኛው የልብ ጫፍ ይባላል። ስለሆነም አንድ ሪፖርት 10ኛው ክፋይ ብሎ ሲጽፍ፣ አንባቢው የትም ሀገር ቢሆን የመካከለኛው ደረጃ የታች ግድግዳ መሆኑን ይረዳል።

ሁሉንም ክፋዮች በአንድ እይታ ለማሳየት ቀለበቶቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ተደርገው በክብ ካርታ ላይ ይቀመጣሉ። የተኩስ ልምምድ ኢላማ በሚመስለው በዚህ ካርታ መሐሉ የልብ ጫፍ ሲሆን፣ የውጭው ቀለበት መሠረቱ ነው። የፊት ግድግዳ ከላይ፣ የታች ግድግዳ ከታች፣ መለያ ግድግዳው ከግራ፣ የጎን ግድግዳው ከቀኝ ይውላል። ቀለም የተሰጠውን ካርታ የሚመለከት ሐኪም በደርዘን የሚቆጠሩ ምስሎችን ሳያገላብጥ የጉዳቱን ስፍራና ስፋት ለመገመት ይችላል።

ከክፋይ ወደ ደም ቧንቧ

እ.ኤ.አ የ2002ቱ ሰነድ እያንዳንዱን ክፋይ ከሦስቱ ዋና ዋና ቧንቧዎች ለአንዱ መድቧል። 1፣ 2፣ 7፣ 8፣ 13፣ 14 እና 17ኛው ክፋዮች ለግራ ወራጅ ቧንቧ ተሰጥተዋል። 3፣ 4፣ 9፣ 10 እና 15ኛው ለቀኝ ቧንቧ፣ 5፣ 6፣ 11፣ 12 እና 16ኛው ደግሞ ለግራ ዟሪ ቧንቧ ተመድበዋል። በዚህ መሠረት ከ17ቱ ክፋዮች 7ቱ በአንድ ቧንቧ ሥር የሚውሉ በመሆናቸው፣ የግራ ወራጅ ቧንቧ ከመነሻው ሲዘጋ የሚያስከትለው ጉዳት ለምን ከባድ እንደሆነ ከካርታው በግልጽ ይታያል።

ይሁንና የቧንቧዎች አቀማመጥ ከሰው ሰው ይለያያል። በአብዛኛው ሰው የልብን የታች ግድግዳ የሚመግበው የቀኝ ቧንቧ ሲሆን፣ በጥቂት ሰዎች ግን ይህን ሥራ የግራ ዟሪ ቧንቧ ይሠራል። የልብ ጫፍም ከሦስቱ ከማናቸውም ሊመገብ እንደሚችል ሰነዱ ራሱ ጠቁሟል። እ.ኤ.አ በ2008 የቀረበ በኤም.አር.አይ የተደገፈ ጥናት በበኩሉ፣ ለአንድ ቧንቧ ብቻ በእርግጠኝነት ሊሰጡ የሚችሉት 4 ክፋዮች መሆናቸውንና እነርሱም የግራ ወራጅ ቧንቧ ድርሻ መሆናቸውን አመልክቷል። ለቀኝ ወይም ለግራ ዟሪ ቧንቧ ብቻ የሚሰጥ ክፋይ አልተገኘም። ስለዚህ ካርታው የተጠረጠረውን ቧንቧ ይጠቁማል እንጂ የቧንቧዎቹን የራሳቸውን ምርመራ አይተካም።

ቁጥሩ ለውሳኔ የሚያገለግለው እንዴት ነው?

ክፋዮቹ አንድ ጊዜ ከተለዩ በኋላ ለእያንዳንዳቸው ነጥብ መስጠት ይቻላል። በአልትራሳውንድ ምርመራ በደንብ የሚኮማተር ክፋይ 1፣ እንቅስቃሴው የደከመ 2፣ የማይንቀሳቀስ 3፣ ልብ ሲኮማተር በተቃራኒው ወደ ውጭ የሚለጠጥ ደግሞ 4 ነጥብ ያገኛል። የነጥቦቹ ድምር ለታዩት ክፋዮች ብዛት ሲካፈል የልብን አጠቃላይ እንቅስቃሴ የሚገልጽ አማካይ ይገኛል። ፍጹም ጤናማ ልብ 1 ያገኛል ማለት ነው።

ለአብነት ያህል ከ16 ክፋዮች 11ዱ ጤናማ፣ 3ቱ የደከሙ፣ 2ቱ ደግሞ የማይንቀሳቀሱ ቢሆኑ ድምሩ 23፣ አማካዩም 1 ነጥብ 44 ይሆናል። ይኸው ታካሚ ከሕክምና በኋላ ተመርምሮ ድምሩ ወደ 18 ዝቅ ቢል አማካዩ ወደ 1 ነጥብ 13 ይወርዳል። የተሻሻለው የትኛው ክፋይ እንደሆነም በስምና በቁጥር ማወቅ ይቻላል። እዚህ ላይ 16 ክፋዮች የተወሰዱት በምክንያት ነው። 17ኛው የልብ ጫፍ በጤናማ ሰውም ቢሆን የሚታይ እንቅስቃሴ ስለሌለው፣ የአሜሪካና የአውሮፓ የኢኮካርዲዮግራፊ ማኅበራት እ.ኤ.አ በ2015 በጋራ ባወጡት መመሪያ የግድግዳ እንቅስቃሴ በ16 ክፋዮች እንዲመዘን መክረዋል። 17ቱ ክፋዮች በተለይ የሚያስፈልጉት የደም ሥርጭት በሚለካበትና የተለያዩ መሣሪያዎች ውጤት በሚነጻጸርበት ጊዜ ነው።

በኒውክሌር ምርመራ የደም ሥርጭት የሚመዘነው ከ0 እስከ 4 ባለው ነጥብ ነው። 0 ጤናማ ሥርጭትን፣ 4 ደግሞ ፈጽሞ ደም አለመድረሱን ያመለክታል። በ17 ክፋዮች ከፍተኛው ድምር 68 ይሆናል። ምርመራው ልብ በሥራ ላይ ሳለና በዕረፍት ላይ ሳለ ሁለት ጊዜ ይካሄዳል። በሁለቱም ጊዜ የማይለወጥ ጉድለት በአብዛኛው ጠባሳን ሲጠቁም፣ በሥራ ጊዜ ብቻ የሚታይ ጉድለት ደግሞ ቧንቧው የጠበበበት ነገር ግን በሕይወት ያለ ጡንቻ መኖሩን ያመለክታል።

የሞተና በሕይወት ያለ ጡንቻን መለየት የምርመራው ዋነኛ ቁም ነገር ነው። ደም ያጠረው የልብ ጡንቻ አንዳንድ ጊዜ ሳይሞት ሥራውን ብቻ አቁሞ ይቆያል። እንዲህ ያለው ጡንቻ ደም ሲመለስለት እንደገና ሊኮማተር ይችላል። ጠባሳ የሆነው ግን አይመለስም። ሬይመንድ ኪምና ባልደረቦቻቸው በ50 ታካሚዎች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ በ2000 ያወጡት የኤም.አር.አይ ጥናት ይህን በክፋይ ደረጃ አሳይቷል። እንቅስቃሴያቸው ከተዛባው ክፋዮች መካከል ጠባሳ ካልታየባቸው 78 በመቶዎቹ ቧንቧው ከተከፈተ በኋላ እንቅስቃሴያቸው ተሻሽሏል። ከግድግዳ ውፍረታቸው 75 በመቶ በላይ በጠባሳ ከተያዘው 58 ክፋዮች ግን የተሻሻለው 1 ብቻ ነበር።

የክፋይ ቆጠራ በሰፊ የሕክምና ጥናቶችም መመዘኛ ሆኖ ያገለግላል። በብሪታኒያ 700 ታካሚዎችን አሳትፎ እ.ኤ.አ በ2022 ውጤቱ ይፋ የሆነውና ሪቫይቭድ በሚል ስያሜ የሚታወቀው ጥናት፣ ልባቸው ክፉኛ የደከመና ቢያንስ 4 የተዳከሙ ነገር ግን በሕይወት ያሉ ክፋዮች ያሏቸውን ሰዎች መርጦ ነበር። ጥናቱ ቧንቧን በስቴንት መክፈት በመድኃኒት ብቻ ከመታከም ጋር ሲነጻጸር ሞትንም ሆነ በልብ ድካም ምክንያት ሆስፒታል መተኛትን እንዳልቀነሰ አረጋግጧል። ውጤቱ በሕይወት ያሉ ክፋዮች መገኘታቸው ብቻውን ለጣልቃ ገብ ሕክምና በቂ ምክንያት አለመሆኑን ያስተምራል። ይህን ድምዳሜ ከ700 ሰዎች መሰብሰብ የተቻለውም ክፋዮቹ በሁሉም ሆስፒታሎች በአንድ ዓይነት መንገድ በመቆጠራቸው ነው።

የኮምፒውተር ድርሻና ጥንቃቄው

ቀደም ሲል የጡንቻውን የውስጥና የውጭ ጠርዝ በእያንዳንዱ ምስል ላይ በእጅ መሥመር ያስፈልግ ነበር። ይህም ብዙ ጊዜ የሚወስድና ከባለሙያ ባለሙያ የሚለያይ ሥራ ነው። በአሁኑ ወቅት ከብዙ ምሳሌዎች የሚማሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ጠርዞቹን በሰኮንዶች ውስጥ ይለያሉ። እ.ኤ.አ በ2017 በተካሄደ ዓለም አቀፍ ውድድር የተመራማሪ ቡድኖች በ150 ሰዎች የልብ ኤም.አር.አይ ምስሎች ላይ ፕሮግራሞቻቸውን አወዳድረዋል። ከእነዚህም የ100ው ምስል ለማስተማሪያ፣ የ50ው ደግሞ ለመፈተኛ ውሏል።

ፕሮግራሙ ጡንቻውን በትክክል ቢለይም የቀኙና የግራው ክፍሎች የሚገናኙበትን ነጥብ ከሳተ ግን ክፋዮቹ በሙሉ ዙሪያውን ይንሸራተታሉ። የፊት ግድግዳ ጉዳት የመለያ ግድግዳ ጉዳት ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። የመሠረት ደረጃው የሚጀምርበት ቁራጭ በስህተት ከተመረጠም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። እንዲህ ያለው ስህተት በሚያምር ባለ ቀለም ካርታ ላይ ስለማይታይ፣ የባለሙያ ዓይን ምልክቶቹን ማረጋገጥ እንዳለበት ሊዘነጋ አይገባም።

ሥርዓቱ ራሱም ወሰን አለው። የቀኙን የታችኛ ክፍል አይመለከትም። ከአንድ ክፋይ ያነሰ ጠባሳ በክፋዩ አማካይ ውስጥ ሊሰወር ይችላል። በሁለት ክፋዮች ወሰን ላይ የወደቀ ጉዳትም ለሁለት ተከፍሎ ቀላል ሊመስል ይችላል። በዚህም ምክንያት የክፋይ ሠንጠረዥ ምስሉን ከማየት ጋር አብሮ የሚሄድ እንጂ የሚተካው አይደለም።

ከሥርዓቱ የሚቀሰም ትምህርት

በልብ ሕክምና አንድ ታካሚ በአንድ ተቋም ተመርምሮ በሌላው ሊታከም፣ ከዓመታት በኋላም በሦስተኛው ክትትል ሊደረግለት ይችላል። በሀገራችንም ታካሚዎች ከአንድ የጤና ተቋም ወደ ሌላው በሪፈር የሚላኩበት አሠራር በመኖሩ ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚጻፈው ሪፖርት ክፋዮቹን በቁጥርና በስም የሚገልጽ ከሆነ፣ ተቀባዩ ሐኪም ምርመራውን ከመጀመሪያ ለመድገም የሚገደድበት አጋጣሚ ይቀንሳል። በተቃራኒው የልብ ጡንቻ በከፊል ደክሟል የሚል ጥቅል አገላለጽ ለላኪው ግልጽ ቢሆንም ለተቀባዩ የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነው።

በመሆኑም በጤናው ዘርፍ በዕቅድ፣ በግዥና በመረጃ አያያዝ ሥራ ላይ የተሰማሩ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የምስል መሣሪያ ሲገዛ ከመሣሪያው ዋጋና አቅም ባሻገር ሊያነሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ከመሣሪያው ጋር የሚቀርበው ፕሮግራም ውጤቱን በዚህ ምደባ ያቀርባል ወይ? በሪፖርት ቅጹ ላይ 16 ወይስ 17 ክፋዮች ጥቅም ላይ እንደዋሉ የሚገለጽበት ቦታ አለ ወይ? የቀድሞ ምርመራ ውጤት ከአዲሱ ጎን ለጎን ሊታይ ይችላል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ተጨማሪ በጀት አይጠይቁም። መልሳቸው ግን በውድ ዋጋ የተገዛ መሣሪያ ከተቋሙ ቅጥር ውጭ የሚነበብ ውጤት መስጠት አለመስጠቱን ይወስናል።

እ.ኤ.አ በ2002 የተደረሰው ስምምነት አዲስ መሣሪያ አልፈጠረም፣ አዲስ መድኃኒትም አላስገኘም። ያደረገው ነገር ቢኖር የተለያዩ ሙያዎች ስለ አንድ ቦታ በአንድ ስም እንዲነጋገሩ ማስቻል ነው። በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ውሳኔ ለሚጠባበቅ ታካሚ ግን፣ ከአልትራሳውንድ ክፍል እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍል ድረስ ስለ ልቡ በአንድ ቋንቋ መነጋገር መቻሉ የሕይወት ጉዳይ ነው።